የውሸት መንኮራኩር፣ የእውነት ቡድን

ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መምህሩ «አምስት አምስት ሆናችሁ ሥሩ» ይላል። አንዷ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። አንዱ ፕሪንት ያስደርጋል። አንዱ ለጥረዛው ብር ያዋጣል። አንዱ አመመኝ ይላል። አምስተኛው በማስረከቢያው ዋዜማ ይደውልና የአባቱ ስም በትክክል መጻፉን ያረጋግጣል። ውጤቱ ለአምስቱም እኩል ነው። ይህን «የቡድን ሥራ» ብለን አራት ዓመት ካስተማርን በኋላ መሥሪያ ቤት ስንገባ «አበሻ ተባብሮ መሥራት አያውቅም» እያልን እናማርራለን።

አምስተኛውን ልጅ ልወቅሰው አልመጣሁም። እሱ ሁኔታውን በደንብ ያነበበ ልጅ ነው። አንድ ሰው አንድ ሌሊት ቁጭ ብሎ ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ ለአምስት ሰው ከሰጠን፣ አንድ ሰው ይሠራዋል፣ አራቱ ይተርፋሉ። የተሰጠው ጥያቄ መጀመሪያውኑ አምስት ሰው አይፈልግም።

ታዲያ አምስት ሰው፣ ኧረ ሃያና ሠላሳ ሰው የሚፈልግ ጥያቄ ምን ይመስላል? ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አድርጌ የማስበው ከኛ ራቅ ያለ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ የአምስተኛ፣ የስድስተኛ፣ የሰባተኛ ክፍል ልጆች በማስመሰያ መንኮራኩር «ወደ ጨረቃ» እና «ወደ ማርስ» የሚያደርጉት የልምምድ ተልዕኮ አለ። እኔን የሚገርመኝ በተለይ ከተልዕኮው በፊት በቡድን ሆነው የሚያደርጉት ጥናት ነው። ታገሡኝ፣ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ነገሩ የተወለደው ከሐዘን ነው። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 28 ቀን 1986፣ ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ተሳፍረው የነበሩት ሰባቱም ሞቱ። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ መኮሊፍ ነበረች፤ የኒው ሃምፕሻየር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት። ከ11,000 በላይ አመልካቾች መካከል ተመርጣ፣ ከጠፈር ላይ ሆና ለአገሩ ተማሪዎች በቀጥታ ልታስተምር ነበር። ለዚህ ነው በዚያን ቀን ብዙ ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን ቴሌቪዥን ፊት ሰብስበው የነበረው። መምህርት ወደ ጠፈር ስትወጣ ለማየት የተቀመጡ ልጆች ያዩትን አዩ።

የሟቾቹ ቤተሰቦች መታሰቢያው የድንጋይ ሐውልት ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈለጉም። የመንኮራኩሯ አዛዥ ባለቤት የነበረችውና ራሷም አስተማሪ የሆነችው ጁን ስኮቢ ከሌሎቹ ቤተሰቦች ጋር ሆና በዚያው ዓመት ቻሌንጀር ሴንተር የተባለውን ተቋም መሠረቱ። የመጀመሪያው የተማሪዎች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1988 ሂዩስተን ውስጥ ተከፈተ። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ዓይነት ማዕከል አለ።

ማዕከሉ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የምድር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ነው፤ ኮምፒውተር በረድፍ ተደርድሮበታል። ሌላው የመንኮራኩሩ ሆድ ነው። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ለሁለት ይከፈሉና ግማሹ ምድር ይቀራል፣ ግማሹ «ይበራል»። በመካከላቸው ግድግዳ አለ፤ የሚገናኙት በድምፅና በጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። ተልዕኮው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቦታ ይቀያየራሉ። ሕክምና፣ አየርና ውኃ፣ አቅጣጫ፣ መገናኛ፣ የናሙና ምርመራ እየተባለ ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ይሰጠዋል። መንኮራኩሩ ውስጥ ያለችው የውኃ ኃላፊ ምድር ላይ አቻ አላት። ሁሉም ነገር ደኅና እየሄደ ሳለ ቀይ መብራት ይበራል። አንድ ነገር ተበላሽቷል። ከዚህ በኋላ አስተማሪው ዳር ይቆማል።

ይህን ለሰው ሳወራ ዐይኑ ቀይ መብራቱ ላይ ያርፋል። «ምነው እኛም ጋ እንዲህ ያለ ማዕከል በኖረ» ይላል። ይኑር፣ አልጠላም። ነገር ግን መብራቱና ስክሪኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ የሚቆይ ነገር ነው። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ውስጥ፣ ተራ ክፍል ውስጥ፣ በእርሳስና በደብተር የሚሠራው ላይ ነው። ሳይዘጋጅ ወደ ማዕከሉ የሄደ ክፍል የሚያየው የመዝናኛ ፓርክ ነው፤ ቁልፍ ይጫናል፣ ይስቃል፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመለሳል።

የተዘጋጀ ክፍል እንዴት ይዘጋጃል? መጀመሪያ ሥራው ይከፋፈላል። አንዳንድ መምህራን ልጆቹን ለሚፈልጉት ቦታ የማመልከቻ ደብዳቤ ያስጽፏቸዋል፤ «ለአየርና ውኃ ኃላፊነት የምመጥነው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይከራከራል። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጉዳይ ይዞ ይገባል።

የሕክምና ቡድኑ የልብ ምት ይቆጥራል። ተቀምጦ ስንት፣ ከሮጠ በኋላ ስንት፣ ወደ ቦታው ለመመለስ ስንት ደቂቃ። ክብደት አልባ ሆኖ ወራት የቆየ ሰው አጥንቱ ለምን እንደሚሳሳ፣ ጡንቻው ለምን እንደሚመነምን ያነባል። የአቅጣጫ ቡድኑ ማርስ ቆማ እንደማትጠብቅ ይማራል፤ ዛሬ ያለችበት ቦታ ላይ አነጣጥሮ የተነሣ ስትደርስ አያገኛትም። የሚንቀሳቀስ ታክሲ ላይ ሮጦ የተሳፈረ የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ሰው የሚሮጠው ታክሲው ወደሚደርስበት ነው። የመገናኛ ቡድኑ ከማርስ ምድር አንድ መልእክት ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ እንደሚፈጅ ያውቃል፤ «ምን ላድርግ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ከ40 ደቂቃ በኋላ ሊያገኝ ይችላል።

የአየርና የውኃ ቡድኑ ሒሳብ ይሠራል። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይጠቀማል። አራት ሰው ለ30 ቀን 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። ያው አንድ ሰው በቀን 1 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ በ30 ቀን አራቱ 120 ኪሎ ግራም። ይህን የሚያስወግድ ነገር ካልተዘጋጀ፣ ኦክስጅኑ ሳያልቅ በፊት ሰዎቹ በራሳቸው ትንፋሽ ይመረዛሉ። ማባዛትና መተንፈስ በአንድ ወረቀት ላይ ተገናኙ።

አሁን የሚሆነውን አስተውሉ። የአየር ቡድኑ ያጠናውን የሕክምና ቡድኑ አላጠናውም። የአቅጣጫ ቡድኑ የሚያውቀውን አዛዥ ተብሎ የተሾመው ልጅ አያውቀውም። እውቀቱ ሆን ተብሎ ተበትኗል። ቀዩ መብራት ሲበራ አዛዡ ጎበዝ መሆኑ ብዙ አይጠቅመውም፤ ዞር ብሎ መጠየቅ አለበት። የተጠየቀችውም ልጅ ብትሽኮረመምም መናገር አለባት፤ ያን ነገር የሚያውቅ ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ የለማ።

ሜሪላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ ከእንዲህ ዓይነት ተልዕኮ ተመልሳ በስልክ አወራችኝ። ማርስ እንዴት እንደነበረች ጠየቅኋት። ማርስን እምብዛም አላነሣችም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የነገረችኝ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የልጆቹን ስም እየጠራች፣ ማን ምን ሊያደርግ እንደነበርና እሷ ምን ብላ እንዳስቆመችው። እናቷ እንደነገረችኝ በክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት።

ልምምድና ምርምር እንዴት እንደሚተጋገዙ ለማየት ደግሞ ከልጆቹ ወደ ትልልቆቹ መሄድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ሊነሣ ጥቂት ሲቀረው ሂዩስተን ያለው የመቆጣጠሪያ ቡድን ጨረቃ ላይ የማረፍ ልምምድ ያደርግ ነበር። የልምምዱ አዘጋጆች ሥራቸው ሰውን ማጥመድ ነው። በወረዳው መሀል የኮምፒውተሩን አንድ የማስጠንቀቂያ ቁጥር ድንገት ለቀቁት። ኮምፒውተሩን የሚከታተለው ስቲቭ ቤልስ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ቁጥሩ ምን እንደሚል በቅጡ ስላላወቀ ማረፉ እንዲቋረጥ አደረገ። ልምምዱ ሲያበቃ አዘጋጆቹ ማቋረጥ እንደማያስፈልግ ነገሩት፤ ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት የማያስቸኩለውን እየተወ ነበር እንጂ አልሞተም።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። የቡድኑ አለቃ ጂን ክራንዝ ማንንም አላባረረም። ሊመጡ የሚችሉት የማስጠንቀቂያ ቁጥሮች በሙሉ ተጠንተው፣ እያንዳንዱ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ተጽፎ እንዲቀርብ አዘዘ። ጃክ ጋርማን የተባለ የ24 ዓመት መሐንዲስ ዝርዝሩን በእጁ ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጁላይ 20 ቀን አርምስትሮንግና ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ሲወርዱ ኮምፒውተሩ 1202 የሚል ቁጥር አወጣ። አርምስትሮንግ ምን እንደሆነ አላወቀም። ክራንዝም አላወቀም። ጋርማን አወቀ፤ ለቤልስ ነገረው፣ ቤልስ «ቀጥሉ» አለ፣ ቀጠሉ። ያን ቀን በዚያ አዳራሽ ውስጥ ትልቁ ማዕረግ የነበረው ሰው ጋርማን አልነበረም። መልሱ ግን እሱ ጋ ነበር፣ የሚነግረው ሰውም ሰማው።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች የሚለማመዱት ይህንኑ ነው፣ በትንሹ።

ነገሩ የግድ ጠፈር አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ ልጆች በአንድ ክፍል ሲቀመጡ መጣላት በዛ። እሱና ባልደረቦቹ አንዱን ትምህርት ቆራርጠው ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ አንድ ቁራጭ ሰጡ፤ ሙሉውን ማወቅ የሚቻለው ሌሎቹን በማዳመጥ ብቻ ሆነ። የሚንቁት ልጅ ሲንተባተብ የሚስቁበት ልጆች፣ እሱ የያዘው ቁራጭ ለፈተናው እንደሚያስፈልጋቸው ሲገባቸው በትዕግሥት መጠየቅ ጀመሩ። ፍቅር ስለተሰበከላቸው የመጣ ለውጥ አልነበረም። የሥራው አወቃቀር አስገደዳቸው።

አሁን ወደኛ እንምጣ። እኛ «አንድ ለአምስት» የሚባል ነገር ነበረን። ፖለቲካውን ለጊዜው እንተወውና የትምህርቱን ብቻ እንይ። አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን ይዞ ያስጠናል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን እውቀቱ የሚፈሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከአንዱ ወደ አምስቱ። አምስቱ ልጆች ለዚያ ጎበዝ የሚሰጡት ምንም ነገር የላቸውም። በየቀኑ ተሰብስበው የሚማሩት ዋናው ትምህርት «እኔ ተቀባይ ነኝ» የሚል ነው። ጎበዙም የሚማረው አለ፤ ሌላውን መጠየቅ እንደማያስፈልገው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት በየሪፖርቱ መግቢያ ላይ እንጽፈዋለን፤ በተግባር የሠራነው ግን አንድ ወፍራም ገመድና በላዩ ላይ የተንጠለጠሉ አምስት ክሮች ነው።

ከዚህ የባሰው ዝምታው ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ትልቅ ሰው ፊት መናገር ነውር እንደሆነ እየተነገረው የኖረ ልጅ፣ የሚያውቀውን ነገር በሰዓቱ አያወጣም። ጨዋነቱን እወድለታለሁ። አክብሮት ጥሩ ነገር ነው፣ አያቶቻችን በከንቱ አላስተማሩንም። ነገር ግን መሐንዲስ፣ ነርስ፣ አብራሪ የሚሆን ልጅ «አይ፣ ይህ ስሕተት ነው» ማለትን አንድ ቦታ መለማመድ አለበት፤ ያም ቦታ የእውነት ሰው የሚሞትበት ባይሆን ይመረጣል።

የቻሌንጀር ታሪክ ራሱ ስለዚህ ነው። መንኮራኩሯ ልትነሣ በዋዜማው ሌሊት የጎን ሮኬቶቹን የሠራው ድርጅት መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ላይ ተከራከሩ። የሮኬቱን ክፍሎች መገጣጠሚያ የሚዘጉት የጎማ ቀለበቶች በብርድ ይደርቃሉ፣ ነገ ደግሞ እጅግ ይበርዳል፣ አይነሣ አሉ። ከመሐንዲሶቹ አንዱ ሮጀር ቦይጆሊ ስለ እነዚህ ቀለበቶች ከወራት በፊት ለአለቆቹ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። የድርጅቱ አለቆች ለብቻቸው ተመካክረው ሲመለሱ የመሐንዲሶቹን ምክር ሽረው «ይነሣ» አሉ። ማታ ላይ በዚያ የስልክ መስመር ላይ የነበሩ ሰዎች ያውቁ ነበር። እውቀቱ በቤቱ ውስጥ ነበር። የሚወስነው ሰው ጋ ግን አልደረሰም። በዚያች መንኮራኩር ስም የተሰየመ ማዕከል ልጆችን ቀይ መብራት ፊት አቁሞ «የምታውቀውን ተናገር፣ አንተም አድምጥ» ብሎ ማለማመዱ ለኔ ከሐውልት የበለጠ መታሰቢያ ነው።

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። አንደኛው «ዳቦ ሳይኖር ጠፈር» ነው። ይህ ክርክር እንጦጦ ላይ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ሲተከሉም፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትወነጨፍም ተነሥቷል። እሱን ሌላ ቀን እንከራከርበት፤ እኔ የምለው ነገር ከጠመኔ ብዙም ያልበለጠ ወጪ ነው ያለው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። «ልጆቹ ማንበብና ማስላት አቅቷቸው እየወደቁ አንተ መንኮራኩር እንጫወት ትላለህ?» የሚል መምህር ቢኖር እረዳዋለሁ። ግን ያ ውጤት የመጣው ልጆቹ መንኮራኩር ሲጫወቱ ከርመው አይደለም። ከሰሌዳ ሲገለብጡ ከርመው ነው። የማስመሰያ ተልዕኮ ውስጥ ያለውን ነገር ደግሞ ቁጠሩት፤ ጥምርታ፣ መቶኛ፣ ፍጥነትና ጊዜ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ አሲድና ቤዝ፣ የተጣራ እንግሊዝኛና አማርኛ ዐረፍተ ነገር። ሁሉም በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነው። ልዩነቱ ልጁ የሚያሰላበት ምክንያት ማግኘቱ ነው።

ሦስተኛው የክፍሉ ብዛት ነው፤ ስልሳና ሰባ ተማሪ። እውነት ነው፣ መምህሩን ያደክማል። ቢሆንም ለስልሳ ልጅ ሥራ ሊያገኝ የሚችል ነገር ካየሁ ይህ ነው። አምስት ቡድን፣ ከየቡድኑ ግማሹ ምድር፣ ግማሹ መንኮራኩር።

ለዚህ ደግሞ ማርስን ከሩቅ መፈለግ የለብንም። ዳሎል አለልን። የዳናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዓለም ሞቃት ቦታዎች አንዱ ነው። ቢጫና አረንጓዴ የሆኑት የዳሎል ኩሬዎች ጨዋቸውም አሲዳቸውም ከልክ ያለፈ ስለሆነ ሳይንቲስቶች በሌላ ፕላኔት ላይ ሕይወት ሊኖር ይችል እንደሆነ ለመገመት እዚያ ድረስ ይመጣሉ። በፈረንጆቹ 2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ዱካ አገኘሁ ሲል፣ ሌላ ቡድን ደግሞ በዚያው ዓመት በጣም የከፉት ኩሬዎች ውስጥ ምንም ሕይወት የለም አለ። መልሱ ከመጽሐፉ ኋላ ያልተጻፈ ጥያቄ ይኸውላችሁ፣ በአገራችን አፈር ላይ።

እንግዲህ አንድ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል መምህር «የዳሎል ተልዕኮ» ብሎ ሦስት ሳምንት ይስጠው። አራት ተጓዦች፣ አሥር ቀን። የውኃ ቡድኑ በዚያ ሙቀት አንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠጣ ያጣራል፤ አምስት ሊትር ነው ብሎ ቢነሣ 200 ሊትር ይጫናል። የጤና ቡድኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷን ይጠይቃል፤ ሰውን ሙቀት ሲመታው ምልክቱ ምንድን ነው፣ መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው። የናሙና ቡድኑ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሎ ውኃውን ያጠልላል፤ ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ የአመድ ውኃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝን ለመለየት ይህ ይበቃዋል። የመንገድ ቡድኑ ካርታ ይዞ ከመቀሌ ወይም ከሰመራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያሰላል፤ ጨው የሚያመላልሱ የግመል ነጋዴዎች ለምን በሌሊት መጓዝ እንደሚመርጡም ቢጠይቅ አይከፋም። የመገናኛ ቡድኑ አጭርና የማያሻማ መልእክት መጻፍ ይለማመዳል።

በተልዕኮው ቀን ሁለት ክፍል፣ ካልተገኘ አንድ መጋረጃ። ዳሎልን ማርስ ናት እንበልና መልእክት የሚያደርሰው ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ አራት ደቂቃ ይቁም፣ ከዚያ ይስጥ። አራት ደቂቃ ሲሄድ፣ አራት ደቂቃ ሲመለስ። መጀመሪያ ይስቁበታል።

አራተኛው ቀን አልቆ መምህሩ አንድ ወረቀት ያወጣል፦ በርሜል ተሰንጥቆ 40 ሊትር ፈሰሰ። የውኃ ቡድኑ ያሰላል። በአራት ቀን 80 ሊትር ጠጥተናል፣ 40 ፈሷል፣ የቀረን 80 ሊትር ነው፤ ለአራት ቀን ይበቃል፣ የቀረን ግን ስድስት ቀን ነው። ቢቀነስስ? ለአንድ ሰው በቀን 3.3 ሊትር ይደርሳል። በዚያ ሙቀት ይህ ይበቃል ወይ? ይህን የሚመልሰው የጤና ቡድኑ ነው። አሁኑኑ እንመለስ ከተባለስ ስንት ቀን ይፈጃል? የመንገድ ቡድኑ ነው። ናሙናው ግማሽ ላይ ቢቋረጥ ዋጋ አለው ወይ? የናሙና ቡድኑ። ምድር ያሉትን እንጠይቅ ከተባለ መልሱ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ መሀል አንድ ልጅ ሙቀት መታው የሚል ሁለተኛ ወረቀት ይወጣል። ያን ጊዜ ማን ስሙን አጽፎ ብቻ እንደመጣ ምንም ፈተና ሳይሰጥ ይታወቃል፤ ደግሞም ስድስት ዐይን እያየው «አላውቅም» ማለት ከዜሮ የበለጠ ስለሚያሳፍር በሚቀጥለው ጊዜ አጥንቶ ይመጣል።

ውጤት አሰጣጡ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ ላይ ካልተጠነቀቅን ሁሉም ተመልሶ ጥረዛና ሽፋን ይሆናል። የተጻፈ ሪፖርት አትቀበሉ። የውኃ ቡድኑን ጥያቄ ለጤና ቡድኑ ልጅ ጠይቁት፤ የጤናውን ለመንገዱ። ልጁ ጓደኞቹን ምን ያህል እንዳዳመጠ በዚያ ይታወቃል። ጓደኛው በደንብ አስረድቶት ከሆነም ለጓደኛው ነጥብ ይጨመርለታል።

ሹመቱንም ተጠንቀቁ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ አዛዥ አታድርጉት፤ እሱ አዛዥ ከሆነ ተልዕኮው በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ለሃምሳ ዘጠኝ ይሆናል። ውኃ ላይ አስቀምጡት፣ እስኪጠየቅ ይጠብቅ። ከኋላ የምትቀመጠዋን፣ ስሟን ለማስታወስ መዝገብ የምታዩባትን ልጅ መገናኛው ላይ አድርጓት፤ ከምድር የሚመጣው ነገር ሁሉ በእሷ አፍ ይለፍ። ድምፅዋ ካልተሰማ አዛዡ ራሱ «ጸጥ በሉ፣ እንስማት» ይላል።

ለቀዩ መብራት ደግሞ አታስቡ። በየግቢው የተንጠለጠለች የመኪና ቸርኬ አለች፤ እሷን ሁለት ጊዜ መምታት ነው።